ኃያላኑ በግኒዛ ከረጢት

ካርቶኑ ቁም ሳጥኑ ላይ የለም። ወንበር ላይ ቆሜ በእጄ ዳበስኩ፤ አቧራ ብቻ። ወርጄ አልጋው ሥር አየሁ፣ ከበሩ ኋላ አየሁ፣ የእናቴ ብርድ ልብሶች ያሉበትን ሻንጣ ገለበጥኩ። የለም! ዓርብ ጠዋት ነበር። ወንድሜ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ ብሏል፤ ያለዚያ ካርቶን ደግሞ መጣ አልመጣ ዋጋ የለውም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር፤ አለዚያ ለአሮጌ የልጆች መጽሔት እንዲህ የምንጨረጨር እብድ እመስላለሁ። አባቴና ወንድሜ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አባቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ ልባቸውም ደህና አይደለም። ወንድሜ በዚያ ሳምንት ደውሎ፣ «ዓርብ መጥቼ እግራቸው ላይ ወድቄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ካርቶኑን አዘጋጂልኝ፤ በዓይናቸው ካላዩ ለማባበል የምዋሽ ይመስላቸዋል» አለኝ። እኔ የጸባይ ሰው አይደለሁም፤ ቶሎ እነድዳለሁ። ያን ቀን ግን ስልኩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በመጣን በዓመቱ እስራኤል ውስጥ፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ሔት በሚባል ሰፈር ቤት ተሰጠን። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወንድሜ አሥራ አንድ። በሕንጻው ሥር ባለው ሚክላት፣ ሳይረን ሲጮህ ሰው በሚጠለልበት ክፍል፣ ቀድመውን የኖሩ ሰዎች የተዉት ካርቶን አገኘን። ውስጡ ወደ ዕብራይስጥ የተመለሱ የድሮ የኃያላን መጽሔቶች ናቸው፤ በሥዕል፣ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ በአረፋ የሚወጣበት ዓይነት።

በእያንዳንዱ መጽሔት ሁለት ኃያላን ይገናኛሉ። አንዱ አረንጓዴ የለበሰ ጉልበተኛ ነው፤ ራሱ እንደ እንቁላል የተላጨ። ሌላው የብር ካባ ለብሶ ይበራል። ሁለቱም የውስጥ ሱሪያቸውን ከላይ ነው የሚታጠቁት። እና ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ በስህተት ይደባደባሉ። «ባንኩን የዘረፍከው አንተ ነህ!» «ኧረ አንተ ነህ!» ስድስት ገጽ ሙሉ ሕንጻ ሲያፈርሱ ይቆዩና አንደኛው ድንገት «ቆይ! ሁለታችንም እኮ ደጎች ነን!» ይላል። በቃ፣ ተጨባብጠው ወንጀለኛውን ሊያሳድዱ አብረው ይሄዳሉ። ያን ሁሉ ከማፍረሳቸው በፊት አፍ አልነበራቸውም? ከአሥረኛ ፎቅ እየወደቁ ስለ ኃይላቸው ዲስኩር ያደርጋሉ። አንዱ ሌባ የከተማውን ሰው ጫማ ሁሉ በማግኔት ይሰርቃል፤ ጫማ ምን ብረት አለውና? ሌላው ክፉ ሰው ጀግኖቹን ትልቅ መዘውር ላይ ያስራቸውና ሞታቸውን ሳያይ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ቀለሙ ራሱ ከመስመሩ ይወጣል፤ የጉልበተኛው ከንፈር ጉንጩ ላይ ነው የታተመው። ወይ ጉድ! ሲሚንቶው ላይ እየተንከባለልን እንስቅ ነበር። ዕብራይስጥን ያስተማሩን ከመምህራኑ ይልቅ እነዚያ ሁለት ጅሎች ናቸው።

አንድ ቀን አባቴ ደረሱብን። ማንበብ አይችሉም፤ ግን በዚያን ጊዜ የዕብራይስጥ ፊደል ያለበት ወረቀት መሬት ወድቆ ካዩ አንስተው ይስሙ ነበር። ሥዕሉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ይህ ራቁቱን የሚዘለው ምንድን ነው? ጣዖት ነው?» አሉ። እጃቸው ወደ ቀበቷቸው ሲሄድ አየሁ። ወንድሜ ትንፋሽ ሳይወስድ «ኦሪት ነው አባባ!» አለ። «ለልጆች በሥዕል የተሠራ ኦሪት ነው። ይኸኛው ጸጉሩን የተላጨው ኃያል ዳኛ ነው። ያኛው በእሳት ሰረገላ ወደ ሰማይ የወጣው ነቢይ ነው።»

አባቴ ቀበቷቸውን ተዉና ተቀመጡ። «አንብብልኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ በዛብን። ከእራት በፊት ወንድሜ ገጹን እያየ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እኔ የቡጢውንና የነፋሱን ድምፅ እሠራለሁ፤ እናቴ ጥግ ተቀምጣ ትሰማለች። ባንኩ ቤተ መቅደስ ሆነ፣ ፖሊሶቹ ሌዋውያን ሆኑ፣ የጫማው ሌባ የአሕዛብ ንጉሥ ሆነ። የወደብ ሥዕል ያለበት ገጽ ሲመጣ ወንድሜ «ይህ የሆነው እዚሁ አሽዶድ ነው» አለ፤ አባቴ ተነስተው በመስኮት ወደ ወደባችን አዩ። ሞኝ ግን አይደሉም፤ ኦሪትን ከቄሶች አፍ ሲሰሙ ያደጉ ናቸው። «ዳኛውና ነቢዩ በአንድ ዘመን አልነበሩም፤ እንዴት ተገናኙ?» ብለው ያዙን። ወንድሜ «እኛ ጋ ያልደረሰ መጽሐፍ አለ፤ የኢየሩሳሌሙ ሰፊ ነው» ሲላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብን። አላቆምንም። «ይህን ያህል ተደባድበው ያለ ሽማግሌ ታረቁ? ካሳ የለ፣ መሐላ የለ?» ብለው ሲጠይቁና ራሳቸው ሲስቁ፣ ከመጣን ወዲህ ሳቃቸውን ሰምተን ስለማናውቅ፣ በማግስቱ ሌላ መጽሔት አወጣን።

አደግን፤ ካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ውሸቱ ግን ከቤት ወጥቶ ሄደ። አባቴ ልቅሶ ቤት ሲሄዱ ያዘነን ሰው የሚያጽናኑት በዚያ ታሪክ ሆነ። «ዳኛውና ነቢዩ በዚሁ በአሽዶድ ተጣሉ፤ ኋላ ግን አንድ ሆነው ሕዝቡን አዳኑ። እናንተም አንድ ሁኑ» ይላሉ። ሰው አሜን ይላል። እኔና ወንድሜ መጀመሪያ ሳቃችንን እንውጥ ነበር፤ ኋላ ኀፍረታችንን። ሆድ ይፍጀው ብለን ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ከዚያ እናቴ ሞተች። በተዝካሯ ቀን ወንድሜ የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ፤ እሱ ያኔ በሰሜን እስራኤል የሃይማኖት ትምህርት የሚያስተምር የተከበረ ሰው ሆኗል። አባቴ ተነስተው ያንኑ ታሪክ ጀመሩ። ከእንግዶቹ አንዱ «አባትህ ምን እያሉ ነው?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀው፤ ሲተረጎምለት በጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ። ወንድሜን ያቺ ፈገግታ አንገበገበችው። ጮክ ብሎ «አባባ፣ ይበቃል! እንዲህ ያለ ነገር የትም አልተጻፈም፤ ተረት ነው» አለ። በሽማግሌዎች ፊት! በእናቱ ተዝካር!

አባቴ ቆመው ቀሩ። «ያነበብክልኝ አንተው ራስህ አይደለህም እንዴ?» አሉት። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ልጆች ሆነን ዋሽተንዎት ነው» ማለት ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሌላው ጊዜ አፌ አያርፍ፣ ያን ቀን ተቆለፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የዝምታውስ በምን ይታሻል? አባቴ «ልጄ ኦሪትን ካደ» ብለው ደጃቸውን ዘጉበት።

እንግዲህ ያ ዓርብ ጠዋት የጠፋው ይህ ካርቶን ነው። አባቴ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሳሎን ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ካርቶኑስ?»

«በክብር ሸኘሁት።»

«ወዴት?»

«ገጹ እየተበጣጠሰ ነው። የካደው ሰው ሊመጣ ነው አልሽኝ፤ በእጁ እንዲወድቅ አልፈቀድኩም። ትናንት ጸሎት ቤት ወስጄ ግኒዛ አስገባሁት።»

ግኒዛ ያረጀ ቅዱስ መጽሐፍ የሚከማችበት ሣጥን ነው፤ የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ስለማይጣል፣ ሲሞላ ተወስዶ እንደ ሰው ይቀበራል። የጸሎት ቤቱ በር ላይ ደግሞ ማስታወቂያ አንብቤ ነበር፤ ከፋሲካ በፊት ያለው ግኒዛ የሚወሰደው በዚህ ዓርብ ጠዋት ነው። አረንጓዴው ጉልበተኛና ባለ ብር ካባው፣ የጫማ ሌባቸውን ይዘው፣ ከኦሪት ጥቅልሎች ጋር ሊቀበሩ ነው! እንዲህ ያለ ስህተት ከእኛ ቤት ሌላ የት ይሠራል? በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር። ያን ቀን ግን «ምነው ሳይነግሩኝ!» ብዬ በአባቴ ላይ ጮህኩ። ጮሄባቸው አላውቅም። ደንግጠው አዩኝ።

ለወንድሜ «ጸሎት ቤት ና፣ ፍጠን» ብዬ ጻፍኩና ሮጥኩ። አባቴ «ምን ሆነሻል? ቆይ!» እያሉ ከኋላዬ ዱላቸውን ሲያንኳኩ ይሰማኛል። የሮቫ ሔት መንገድ ለሻባት፣ ለሰንበት፣ በሚገዛ ሰው ተጨናንቋል፤ ከአንዲት ሴት ዘንቢል ጋር ተጋጨሁ፣ ረገመችኝ፣ መለስኩላት። አባቴን ትቼ መሮጥ አልቻልኩም፤ ቆሜ መጠበቅም አልቻልኩም። ጥቂት ሮጬ እቆማለሁ፣ ዞሬ አያቸዋለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። ከንፈራቸው ገርጥቷል። እኒህን ሽማግሌ መንገድ ላይ ልገድላቸው ነው እያልኩ ነበር።

ስንደርስ ጭነት መኪናው ጓሮ ቆሟል። ጋባዩ፣ የጸሎት ቤቱ አስተናባሪ፣ ጎልማሳ የሞሮኮ ሰው ነው፤ ከረጢቶቹን እየቆጠረ ያስጭናል።

«ቁም! ትናንት የገባ ነገር ማውጣት አለብኝ» አልኩት በዕብራይስጥ።

«ግኒዛ የገባ አይወጣም፣ እመቤት። ሂጂ፣ ሻባት ሊገባ ነው።»

«በስህተት የገባ ነው።»

«ምን ዓይነት ስህተት?»

አባቴ ደርሰው አጠገቤ ቆመው ያለከልካሉ። የእሳቸው ዕብራይስጥ ሰላምታ፣ የአውቶቡስ ቁጥርና የመድኃኒት ስም ነው፤ ፈጥነን ስንነጋገር አይከተሉም። ግን ፊት ያነባሉ። እውነቱን ብናገር አባቴ ሠላሳ ዓመት በሚጸልዩበት ቤት ይዋረዳሉ። ዝም ብል ማስረጃው አፈር ይለብሳል፤ ወንድሜም እንደመጣ ይመለሳል፤ የአባቴ ልብ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ አይደለም። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። የመኪናውን በር ያዝኩ። «ከነእጄ ንዳው!» አልኩት። ሾፌሩ ሰደበኝ፣ እኔም አልማርኩትም። ጋባዩ መሐላችን ገባ።

ወደ ጋባዩ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «መጽሔት ነው፤ የልጆች መጽሔት። አባቴ ቅዱስ መስሏቸው ነው። እባክህ፣ እንዳታሳፍርብኝ» አልኩት። ሰውየው አየኝ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ። የመጨረሻውን ከረጢት ፈታ። ከላይ ካርቶኑ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ ተቀምጧል። ክሩን ፈትቶ የላይኛውን መጽሔት አነሳ፤ ባለ ብር ካባው ጉልበተኛውን በአንድ እግሩ አንጠልጥሎ «አሁን አመንከኝ?» የሚልበት ነው።

ጋባዩ ሳቁን ለመያዝ ሞክሮ ነበር፤ እመሰክርለታለሁ። አፉን በክንዱ ጋረደ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ግን አመለጠው።

«ምን ያስቀዋል?» አሉ አባቴ።

ይህን ጊዜ ወንድሜ በጓሮው በር ገባ። አባቴ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በዱላቸው ወደ ጋባዩ አመለከቱ። «ይህ ሰው የተማረ ነው፤ ዘመዳችንም አይደለም። ጠይቂልኝ። በእጁ የያዘው ኦሪት ነው ወይስ አይደለም?»

ጠየቅኩት። ጋባዩ ሳቁ ጠፋ። ቀስ ብሎ «ምን ልበላቸው? የፈለግሽውን እላለሁ» አለኝ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴ አስተርጓሚ ነኝ፤ በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ ሃኪርያ በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ባሉ ቢሮዎች ሁሉ። የሐኪም ክፉ ቃል አለስልሼ፣ የጸሐፊ ስድብ ወደ ሰላምታ ለውጬ ነው ያሳደግኳቸው፤ አዎ፣ ያሳደግኳቸው ነው የምለው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። «ነው ይላል» ብል ካርቶኑ ይቀበራል፣ አባቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዳሉ፣ ወንድሜ ከሃዲ ሆኖ ይቀራል። ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«አይደለም አባባ» አልኩ። «ኦሪት አይደለም። የልጆች ጨዋታ ነው። ቀበቶዎን ፈርተን ዋሸንዎት፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋን። በተዝካሩ ቀን እሱ የተናገረው እውነት ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

አባቴ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ራሱ ሞተሩን አጠፋ። ወንድሜ መጥቶ ተንበረከከ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ግንባሩን ጫማቸው ላይ ደፋ። አላነሱትም፤ አልገፉትም። የሚናገሩት ለእኔ ነው።

«በየልቅሶ ቤቱ ያወራሁት ሁሉ ውሸት ነበር ወይ በይው።»

«አዎ አባባ» አለ ወንድሜ ከመሬት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ያመኑት ልጅዎን ነው።»

እኔ የደረት መድኃኒታቸውን ቦርሳዬ ውስጥ እየፈለግኩ ነው።

«ጠይቂው» አሉ። «እናቱ ታውቅ ነበር?»

«ኧረ ከየት አውቃ!» ልል ስል ወንድሜ ቀና አለ። «ታውቅ ነበር» አለ።

እኔም ዞርኩበት። ይህን እኔም አልሰማሁም ነበር።

«ዕብራይስጥ የሚማሩበት ኡልፓን ገብታ ፊደል ስትለይ አንድ ቀን ማድ ቤት ጠራችኝ» አለ። «መጽሔቱን ይዛ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሞቻለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን 'ለአባትህ ትንፍሽ እንዳትል' አለችኝ። 'እዚህ ከመጣን ወዲህ የሚስቀው ይህን ስታነብለት ብቻ ነው። ሳቁን አትውሰድብኝ' አለችኝ። እስክትሞት ደግማ አላነሳችውም።»

አባቴ ዓይናቸውን ከእኔ አንስተው ቁልቁል ወንድሜን አዩት። ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ነው።

«እኔ እኮ አያስቀኝም ነበር» አሉት። «ያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አላሳቀኝም። እናቷን ጎንደር ጥላ በመጣች በዚያ ዓመት እናትህ ዕንባዋ አልደርቅ ብሎ ነበር። አንተ ስታነብ እኔ ከሳቅኩ፣ እሷ ወደ እኔ ታይና ትንሽ ፈገግ ትላለች። ለእሷ ብዬ ነበር የምስቀው።»

ወንድሜ እንደተንበረከከ ማልቀስ ጀመረ፤ ጎልማሳው፣ ባለ ጢሙ፣ የተከበረው መምህር። ጋባዩ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። መተርጎም አቃተኝ።

አባቴ የወንድሜን ክንድ ያዙ። «ተነስ በቃ፣» አሉት፣ «ልብስህን አቆሸሽከው።»